ማኪናዬ ጋራዥ የተኛችበት ሳምንት

ነሐሴ 28፣ ማለዳ

እንደ ልማዴ ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። እጄ ትራሱ ሥር ቁልፍ ፈለገ። ቁልፍ የለም። የሚሞቅ ሞተር የለም። በእግር እየተመታ የሚፈተሽ ጎማ የለም። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ባለቤቴ ጥሩነሽ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ተኛ፣ ዛሬ አሰብ የለም አለችኝ። ሞከርኩ። አልሆነም። ይኸው አንተን አነሳሁ።

አንተም ግራ ሳይገባህ አይቀርም፣ ማስታወሻዬ። ከገዛሁህ ጀምሮ የምታውቀው ጋቢናና የሚሌን አቧራ ነው። ቤት አስገብቼህ አላውቅም። እንግዲህ ተዋወቅ። ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ፣ እማማ ወርቄ ግቢ። ሁለት ክፍል። ዱሮ ቤቱ የእማማ ወርቄ ነበር፣ ዛሬ የቀበሌ ነው። ኪራዩን ለቀበሌ እንከፍላለን፣ ቁጣውን ግን አሁንም ከእማማ ወርቄ ነው የምንቀበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮኗ መሽተት የጀመረው ደብረ ሲና አቀበት ላይ ነው። ሌላ ሹፌር ቢሆን እዚያው ጥሏት በሰው ማኪና ይመጣ ነበር። እኔ ግን እያባበልኩ፣ እየለመንኩ፣ ከነተሳቢዋ ከነጭነቷ አ.አ. አደረስኳት። ጋራዡ በር ላይ ነው የሞተችው። እንዲህ ያለ ሹፌር ስንት አለ? ይጻፍልኝ።

መለዋወጫው ግን የለም። ያለው አሰብ ነው። የአገሩን ዕቃ ሁሉ ከአሰብ የማመጣው ሰውዬ የራሴን ዕቃ ሌላ ሹፌር እስኪያመጣልኝ ልጠብቅ ነው። አለቃዬ እቤትህ ሁን፣ ሲመጣ ሰው እንልካለን አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ትንሿ ልጄ ከተወለደች ወዲህ አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት አድሬ ነው ወደ መንገድ የምመለሰው። አሁን ሳምንት ሙሉ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ያው ቀን፣ ማታ

ዛሬ ራሴን አሳመርኩ። ቱታዬን ጥሩነሽ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው። እኔም በገላ ሳሙና ታጠብኩ፣ ተላጨሁ፣ የሠርግ ኮቴን ለበስኩ። ጥፍሬ ሥር የኖረውን ጥቁር ዘይት እንኳ በብሩሽ ፈትጌ አስለቀቅኩት። እማማ ወርቄ ከደጃቸው ሆነው፣ ምነው እንደገና ልታገባ ነው እንዴ አሉ።

ይሄ ሁሉ ለሚሚ ነበር። ሚሚ ትንሿ ናት፣ ገና አራተኛ ዓመቷን መያዟ ነው። አልመጣችም። እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። የአሰብ ተምር አወጣሁ። ከእጄ ቀማችኝና ሮጠች። ግዴለም። ነገ ትለምዳለች።

ነሐሴ 29

አልለመደችም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለችም፣ ላስረዳህ። ስመጣ አስፋልቱ ላይ አቆማለሁ፣ ተሳቢ ወደ ሰፈራችን አይገባም። ከዚያ ክላክሴን ሦስት ጊዜ አምባርቀዋለሁ። ጉለሌ ይሰማል። ክላክሱ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሳይቀሩ መንገድ ለቀው እጃቸውን ያነሱልኛል። ግቢው በሙሉ አባባ መጣ፣ አባባ መጣ ይላል። ሚሚ እናቷን እየጎተተች ትወጣለች። ጎማውን ታቅፋለች። ጎማው ከእሷ ይበልጣል። ጋቢና አስቀምጣታለሁ፣ ክላክሱን ትነካለች፣ ትስቃለች። ሚሌ ላይ የዚህን ወሬ ያልሰማ ሹፌር የለም። ልጄ እንዴት እንደምትወደኝ ስናገር ምግቤ ይቀዘቅዛል።

አሁን ግን እንደ ቢሮ ሠራተኛ በአውቶቡስ መጥቼ ቁጭ ያልኩ ሰውዬ ነኝ።

ሥራ መፍታት አልችልበትም። ጥሩነሽን ልርዳ ብዬ ጓዳውን በአጫጫን ሕግ ደረደርኩት። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ በመጨረሻ ሁሉም በገመድ። ደብረ ሲናን ቢወርድ አንድ ሲኒ አይሰበርም። ጥሩነሽ ከገበያ መጥታ ሽሮ ፈለገች። ሽሮው ከታች፣ ድስቱ ከላይ ታስሯል። ምሳ ዘገየ። ገመዱን በቢላ ቆርጣ ከጓዳ አስወጣችኝ። ይሄ ቤት ቆሞ የሚውል ቤት ነው፣ የሚሄድበት አገር የለውም አለችኝ። አልተቀየምኩም። ግን እውነቷን ነው፤ ቤቱ ያለ እኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ውሃው የሚቀዳበት ሰዓት አለው፣ የቀበሌ ሱቅ ወረፋው ተራ አለው፣ ሁሉም ሰው ሥራውን ያውቃል። ጥሩነሽ ብቻዋን ይሄን ማቆሟ ያኮራል። እኔ ብቻ ነኝ የት እንደምቆም የማላውቀው።

ነሐሴ 30

ይሄን በደንብ ልጻፈው። ኮርቻለሁ።

ታላቋ ልጄ ሂሩት ዘጠነኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ እንደጨረሰች አውቅ ነበር። ክረምቱን ቀበሌ ውስጥ መሠረተ ትምህርት እንደምታስተምርም ተነግሮኛል። ማየት ግን ሌላ ነው። ዝናብ መጣና ጃንጥላ ላደርስላት ሄድኩ። በመስኮት አየሁ። አግዳሚው ላይ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ እንጨት ተሸካሚ እናቶች፣ እማማ ወርቄ ከሁሉም ፊት። ሂሩት በጠመኔ ትጽፋለች፣ እነሱ እየጮኹ ይከተሏታል። ያቺ ቀጫጫ ልጅ። ስትጨርስ ሁሉም ተነሡላት። አንድ ሸምገል ያሉ ሸማኔ በር ላይ አይተውኝ፣ የመምህርታችን ዘበኛ ነህ ወይ አሉኝ። አባቷ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ለካ ጃንጥላውን ሳልዘረጋው ነው ዝናብ ላይ የቆምኩት።

ማታ ግን።

እራት ላይ ሚሚ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች። ሹክ ልትል ነበር፣ ልጅ ደግሞ ሹክሹክታ አያውቅበትም።

"ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው?"

ሂሩት ሳቀች፣ ከዚያ እኔን አየችና አቆመች። እኔም ሳቅኩ። ጉርሻዬን ግን መልሼ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ሲተኙ ጥሩነሽን፣ ምን አድርጌያት ነው አልኳት። ጥሩነሽ ነገር ማሽሞንሞን አትወድም።

"ምንም አላደረግካት። አንተን መቼ ለመደችና? የለመደችው ማኪናዋን ነው።"

ተናደድኩ። ከዚያ አሰብኩ። ጎማውን ታቅፋለች። እኔን አቅፋ ታውቃለች? ወደ ኋላ ሄጄ ሄጄ አንድ ቀን አጣሁ። እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ጳጉሜ 1

ደመወዝ የሌላት ወር ገባች። ዝናቡ ግን ሥራውን አልፈታም።

ጣራው ያፈሳል። ሚሚ በምትተኛበት በኩል። ጥሩነሽ ሳፋ ደቅናበታለች፣ ጠብ፣ ጠብ። እኔ ስመጣ እንደ ግንድ ወድቄ አድሬ ነው የምሄደው፣ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። መቼ? አለች። ይሄ "መቼ" ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ቀበሌ ሄድኩ። ቆርቆሮና ምስማር ጠየቅኩ። ጸሐፊው ለአብዮት በዓል አጥር ቀይ ይቀባ የሚል መመሪያ ነው የመጣው፣ ስለ ጣራ የመጣ የለም አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። (ይሄን ገጽ ለማንም አታሳይ።)

ለእኔ ምን መመሪያ ያስፈልገኛል? የማኪናዬ አሮጌ ሸራ ጋራዡ ጥግ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ስኳርና ጨው ከዝናብ አስጥሏል። የልጄን ራስ አያስጥልም? ነገ አመጣዋለሁ። ክላክስ ባይኖረኝ እጅ አለኝ።

ጳጉሜ 2፣ ማታ

ተሠራ።

ሸራውን በጋሪ አስመጣሁ። ጣራው ላይ ወጥቼ ከላይ እስከ አሸንዳው ዘረጋሁት። ሂሩት ገመድ ታቀብለኛለች። ጥግ ጥጉን በጭነት ቋጠሮ ጠፈርኩት። ከታች ለተሰበሰበው ጎረቤት፣ ነፋስ ቢመጣ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ይሄ ሸራ አይሄድም አልኩ። ጭብጨባ እንኳ ነበር።

ማምሻውን ካፊያ መጣ። ሳፋው ደረቅ። ጥሩነሽ የሚሚን አልጋ በእጇ ዳበሰች፣ ደረቅ። ተመስገን ብላ እኔን አየችኝ። ስኳር በጆንያ ሳመጣላት እንኳ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ሚሚ ተኝታለች። በላይዋ ያለው የእኔ ሥራ ነው። እሷ አታውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። እስከ ጆሮዬ ኮርቻለሁ፣ አልደብቅህም።

ነገ ሩፋኤል ነው። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን። በዚያ ቀን የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጆች ይታጠቡበታል፣ ሊጥ ይቦካበታል። እማማ ወርቄም የእንቁጣጣሽን ድፍድፍ በሩፋኤል ውሃ ካላቀጠኑ ጠላ ብለው አይጠሩትም። ግቢው ውስጥ አሸንዳ ያለው የእኛ ቤት ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚቀዳው ከእኛ ነው። በርሜላቸውን አጥበው ከአሁኑ አሸንዳችን ሥር አቁመዋል።

ጳጉሜ 3፣ ማታ

በተራ በተራው ልጻፈው።

ከቅዳሴ ተመለስን። ሰማዩ ጠቆረ፣ እንጦጦ ጠፋ፣ ከዚያ ወረደ። ካፊያ አይደለም፣ የሩፋኤል ዝናብ ነው። የግቢው ልጆች ልብሳቸውን ወርውረው "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ ይዘላሉ፣ ሚሚም መሐላቸው። ሴቶቹ ሳፋና ባልዲ ይዘው አሸንዳችን ሥር ተሰለፉ። እኔ ኮቴን ለብሼ እንደ ባለርስት በር ላይ ቆሜያለሁ። ሸራዬ ውሃውን ሰብስቦ እንደ ወንዝ ያወርደዋል። ለእማማ ወርቄ የመጀመሪያውን ባልዲ ራሴ ቀዳሁላቸው። አማትበው ተቀበሉ፣ መረቁኝ፣ ጋኑ ውስጥ ድፍድፉ ላይ ገለበጡት። ሁለተኛውንም።

ሦስተኛው ላይ ቆሙ። አሸተቱ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደየባልዲያቸው አጎነበሱ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ተንሳፍፏል።

ናፍጣ። ዕድሜውን ሙሉ ናፍጣና ግራሶ ሲጠጣ የኖረ ሸራ ነው። የትናንቱ ካፊያ አልነካውም፣ የዛሬው አጥቦ አወረደው። እኔስ እንዴት አልሸተተኝም? ሹፌርን ናፍጣ መቼ ሸትቶት ያውቃል።

ከዚያ እማማ ወርቄ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"እግዜር በዓመት አንዴ ሰማዩን ቢከፍት፣ አንተ በሸራ ዘጋኸው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዓመት በረከታቸውን ነው ያበላሸሁት። የአንድ ቤት አይደለም፣ የግቢውን ሁሉ። ኮቴን አውልቄ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ቋጠሮው በውሃ ጠብቋል። ነፋስ አይፈታውም ብዬ ፎክሬ የለ፣ እኔም አልፈታው አልኩ። በጥርሴ ሳይቀር ታገልኩት። በመጨረሻ ሲላቀቅ በሸራው ጎድጓዳ የተቋጠረው ውሃ ከራሴ እስከ እግሬ ወረደብኝ። ስወርድ ሸሚዜ፣ ፊቴ፣ እጄ፣ ሁሉም ጥቁር። አንገቴን ደፍቼ መሰላሉ ሥር ቆምኩ። ከሠርግ ኮቴ፣ ከገላ ሳሙናው፣ ከኩራቴ ምንም አልተረፈም።

ያኔ ሚሚ ከልጆቹ መሐል ወጣች። ራቁቷን፣ ውሃ እያንጠባጠበች። ቀስ ብላ መጣች። ፊቴ ቆማ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። አሸተተች። ሱሪዬን ያዘች፣ ፊቷን ጭኔ ላይ ለጠፈችና ደግማ አሸተተች። ከዚያ ጎማውን እንደምታቅፈው አድርጋ እግሬን በሁለት እጇ አቀፈችው።

"አባባ" አለች።

ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ዝናቡ ሸፈነልኝ። ከጥሩነሽ ግን አልሸፈነኝም። ሚሚን አነሳኋት፣ እንደ እኔው ጠቆረች። ሌሎቹ ልጆች ሲዘሉ እሷ አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ቀበረች። እዚያው ዝናብ ላይ ቆየን። ጠበሉ ናፍጣ ነበረው። ለእኔ ግን ጠበል ነበር።

ጳጉሜ 4

ሚሚ ከላዬ አልወርድም አለች። ጥሩነሽ የገላ ሳሙናውን ደብቃዋለች። ለሳምንት አትታጠብ አለችኝ፣ እየሳቀች።

እማማ ወርቄ ግን አላናገሩኝም። ጠላው ተደፋ። ይሄ አላስቀመጠኝም። ጄሪካን ይዤ፣ ሚሚን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። የሩፋኤል ውሃ ልመና፣ ቤት ለቤት። የሰው እጅ አይቼ የማላውቅ ሰውዬ። ወሬው ቀድሞኛል፤ በየበሩ፣ ሸራው አንተ ነህ ይሉኛል። አዎ፣ ሸራው እኔ ነኝ። እየሳቁ ሰጡኝ። አንዷ በጣሳ፣ አንዷ በብርጭቆ። እንዲህ ሆኜ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ።

እዚያ እኚያ ዘበኛ ነህ ወይ ያሉኝ ሸማኔ አገኙኝ። የሂሩት አባት መሆኔን ሲሰሙ ከሸማው ጉድጓድ ወጥተው ጨበጡኝ። ስሜን በዚህ ዕድሜዬ ያስጻፈችኝ ልጅህ ናት፣ መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም ብለው ተቆጡኝ። ከበርሜላቸው ቀድተው ጄሪካኑን ሞሉት። እኔ በሰፈሩ የምታወቀው በክላክሴ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጄ በሥራዋ ቀድማኛለች። ቁልቁለቱን ስመለስ ጄሪካኑ አልከበደኝም።

ውሃውን እማማ ወርቄ እግር ሥር አስቀመጥኩት። አሸተቱት፣ ሁለቴ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ የተለጠፈችውን ሚሚን ቀና ብለው አዩ። እህታቸው ቤት ድፍድፍ አለ፣ በዚህ ይቀጥናል አሉ። በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። ሸራህን ብትዘረጋም ለአንተስ ተከፍቶልሃል አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ጳጉሜ 5

ከጋራዥ ሰው ተላከ። ዕቃው መጣ፣ ገጠሙላት፣ ተነሥታለች። መስከረም 3 ጎህ ሲቀድ ጉዞ ነው።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲባል ልቤ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ዛሬ ቆሜ ቀረሁ። ማኪናዬን እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። እጄም ሥራው ናፍቆታል። ግን ሚሚ ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው ማለት ትታለች። አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ጣራውን እንደ ሰው ሠራሁት። ከጎሚስታው አዲስ የጎማ ውስጥ ካላማዳሪና ማጣበቂያ ማስቲሽ ገዛሁ፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ብቻ ለጠፍኩ፣ በሳሙና አጠብኩት። ሚሚ ሥራ ላይ ናት፣ የካላማዳሪ ቁራጭ ታሸታለች። መጀመሪያውኑ ይሄን አለማሰቤ። ከታች እማማ ወርቄ እየጠበቁኝ ነው፤ ስወርድ ጣራውን ሳይሆን እጄን አሸተቱ።

መስከረም 1፣ ማታ

እንኳን አደረሰህ፣ ማስታወሻዬ። ጠላው ወጣ። ናፍጣ የለውም፣ ራሴ ቀምሼ አረጋግጫለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሲጠጣ መጀመሪያ ያሸታል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። ይህ ቀልድ ከዚህ ሰፈር በቶሎ የሚወጣ አይመስለኝም።

ሂሩት አንድ ነገር አሰበች። መስከረም 3 ከመሄዴ በፊት ማኪናዋን አስፋልቱ ድረስ አምጣና ክላክሱን ንፋላት፣ ሚሚ ደስ ይላታል አለችኝ። ልጅ ናት፣ ለእህቷ አዝና ነው። እኔም ትንሽ አማረኝ። ያን ጎማ አቅፋ ስትስቅ ማየት። ከዚያ "መቼ" የምትለው የጥሩነሽ ቃል መጣችብኝ።

ከምሳ በኋላ ወጣሁና የግቢውን በር አንኳኳሁ። ሚሚ ከውስጥ፣ ማነው አለች። እኔ ነኝ። እኔ ማነው? አባባ። ከፈተችና አሸተተችኝ፣ ልክ ነው ብላ አስገባችኝ። እንደገና አለች። ወጣሁ። አንኳኳሁ። ደግሞ አሸተተች። አበባየሆሽ ሲሉ የዋሉት ልጆች እስኪበተኑ፣ እማማ ወርቄ በሬን ልትሰብሩት ነው ብለው እስኪቆጡ ድረስ ስንወጣ ስንገባ ዋልን። ወደ ማታ ላይ ነው። አንኳኳሁ፣ ማነው አለች፣ አባባ አልኩ። ከፈተች። አላሸተተችም። እጄን ይዛ ዝም ብላ አስገባችኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። አንተ ምስክር ሁነኝ። ከእንግዲህ ስመጣ ማኪናዋን ታች አዲሱ ገበያ አቆማታለሁ። አስፋልቱ ድረስ አልወጣም፣ ክላክስ አልነካም። ጉለሌ መምጣቴን አይስማ። አቀበቱን በእግሬ ወጥቼ በሩን እንደ ማንም ሰው አንኳኳለሁ፣ ከዚያ እሷ

ቆይ። የእኛ በር ተንኳኳ። ዝቅ ብሎ ነው የሚንኳኳው፣ ከጉልበቴ በታች። ተራዬን ቀምታኛለች። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፣ ግን ማነው ማለት አለብኝ